የጉንጭ ኪኒን

ለማ የሚባለውን ጤና ረዳት ከሰዓቱ የሚያስቀር ነገር አልነበረም። ዝናብ ጣለ፣ ገበያ ዋለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያንን የቆርቆሮ ሣጥኑን አንጠልጥሎ የአረጋሽ በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ለአረጋሽ ነገሩ ይቀልላት ነበር፤ ክፉን ሰው ሲያታልሉት ልብን እምብዛም አይቆረቁርም። ለማ ግን ደግ ነበር፤ ያውም የሚቆጥር፣ የሚጽፍ፣ የማይረሳ ደግ። እንዲህ ካለው ይሰውራችሁ።

«ደህና አደርሽ አረጋሽ? በይ አፍሽን ክፈቺ።»

ትከፍታለች። ሁለት ትንንሽ ቡናማ ኪኒኖች ምላሷ ላይ ያኖርና ውኃ በኩባያ ይሰጣታል። ስትጠጣ ጉሮሮዋን አተኩሮ ያያል። ከዚያ፣

«ምላስሽን አንሺ።»

ታነሳለች። ከሥሩ ምንም የለም። ለማ በሩ ጀርባ በተሰቀለው ካርድ ላይ የቀኑን ምልክት ያደርግና ቀጥሎ ወዳለው የፋጢማ ሱቅ ያልፋል።

አረጋሽ ኮቴው እስኪርቅ ከቆመችበት አትነቃነቅም። ከላይኛው መንጋጋዋ አንድ ጥርስ በልጅነቷ ወልቆባታል፤ ሁለቱ ኪኒኖች እዚያ ክፍተት ውስጥ ከጉንጯ ጋር ተጣብቀው፣ ጠርዛቸው እየሟሟ፣ ምሬታቸው እስከ ጆሮዋ ይሰማታል። ምላስ ሥር የሚያይ ሰው ጉንጭ አያይም። ይህን የደረሰችበት በመጀመሪያው ቀን ነው። መዳፏ ላይ ትተፋቸውና በቀሚሷ ጠርጋ መሰላሉን ትወጣለች።

ቆጡ ላይ፣ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ፣ ወንድሟ ዶላሞ ተኝቷል።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መንደሩ ከጂንካ ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚገኘው ካኮ ነው። ያኔ የውትድርና ኮታ በየገበሬ ማኅበሩ ይወርድ ነበር። የአረጋሽ ባል በመጀመሪያው ዙር ሄዶ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው የላከው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ጽፎለት። በሁለተኛው ዙር የዶላሞ ስም ተጠራ። ዶላሞ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርና አዝላ፣ አጉርሳ፣ ሲያጠፋም ገርፋ ያሳደገችው እሷ ናት። ባል ሰጥታለች፤ ወንድም ጨምራ አትሰጥም። በዚያው ዕለት ወደ ወይጦ ቆላ፣ ማሽላ የሚያርሱ ዘመዶች ዘንድ ሰደደችው። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለሀብተ ማርያም ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «አርባ ምንጭ ለቀን ሥራ ሄዷል» አለችው።

ከአምስት ወር በኋላ ዶላሞ ወባ ተሸክሞ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ለማ በየቤቱ እየዞረ ጣት እየወጋ ደም በመስታወት ላይ ሲወስድ፣ እሱ ቆጡ ላይ ብርድ ልብስ ነክሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአረጋሽ ደም ጂንካ ደርሶ ሲመለስ ወባ አለበት ተባለና መድኃኒት ታዘዘላት። ለዶላሞ ማን ይዘዝለት? እሱ አርባ ምንጭ ነው ያለው። ጤና ኬላውን ከገበሬ ማኅበሩ ቢሮ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ለማ የሚጽፈውን የየቤቱን ሰው ዝርዝር ሀብተ ማርያም ቁጭ ብሎ ይገለብጠዋል። የዶላሞ ስም እዚያ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሳምንት ሳይሞላው ጦር ሜዳ ነው።

ለማ እንዳስረዳት ነጩ ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ወባ ይገድላል፤ የሦስት ቀን ነው። ቡናማው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ነቅሎ ያወጣል፤ እሱ አሥራ አራት ቀን ነው። የተደበቀን ነቅሎ ማውጣት የሚባለው ነገር ለአረጋሽ ጆሮ ደስ ባይልም ኪኒኑን አመነችው። ከነጩ እኩሌታውን በጉንጯ እያስቀረች ስትሰጠው የዶላሞ ትኩሳት በሁለተኛው ቀን ለቅቆት ነበርና።

«አየህ?» አለችው በቤታቸው ቋንቋ በአሪኛ። «ነጩ እንዲህ ካደረገ ቡናማውማ ምን ሊያደርግ ነው!»

ቡናማው ምን እንዳደረገ በሦስተኛው ቀን ታየ።

ዶላሞ ቀን ቀን ከቆጡ ስለማይወርድ በቅል ነበር የሚሸናው። አረጋሽ ቅሉን ጓሮ ወስዳ ስትደፋው እጇ አየር ላይ ቀረ። ሽንቱ ከቡና ገለባ እንደሚፈላው ሾፎሮ ጠቁሯል፤ ያውም አድሮ እንደተሞቀ ሾፎሮ። በማግስቱ የጣሪያውን ሣር ገለጥ አድርጋ ፊቱን በብርሃን አየችው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

ቢጫ ዓይን በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። አረጋሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በኦሞ ዳር የገባው ወረርሽኝ የሰዉን ዓይን ቢጫ እያደረገ መንደር ጨርሷል። ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ዕድሜ ሲቆጥሩ «ከቢጫ ዓይኑ በፊት»፣ «ከቢጫ ዓይኑ በኋላ» ይላሉ። ወረርሽኙ ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የእናቷ ወንድም እንዲሁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ፣ በሳምንቱ ሞተ። በሽታው ተመለሰ ተብሎ ጎጆው ከነዕቃው ተቃጠለ። ያንን ጭስ አረጋሽ አልረሳችውም።

አጎቴን የገደለው መጣብኝ፣ ብላ አሰበች። አልተሳሳተችም፤ በማን እጅ እንደመጣ ነው ያላወቀችው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃታት። መሰላሉን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ትገባና ቢላውን ረስታ ትመለሳለች። ገበያ ላይ ጎደሬ ስትሸጥ ሰው ሲስቅ የሚስቀው በእሷ ይመስላታል። ሀብተ ማርያም በበሩ ሲያልፍ ዶላሞ ካሳለ አብራው ትስላለች፣ ሳሉ የእሷ እንዲመስል። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ መድኃኒት በእጇ አለ፣ ካልበቃው ደግሞ ይጨመርለታል።

የሱቋ ፋጢማም ከእሷ አምስት ቀን ቀድማ የጀመረችው ያው ቡናማ ኪኒን አላት፤ በየቀኑም ታማርራለች።

«ፋጢማ፣ ያንን ኪኒን ለኔ ስጪ» አለቻት አረጋሽ።

«ኧረ ውሰጂልኝ እቴ! ሆዴን እንደ መጋዝ ነው የሚገዘግዘኝ። ግን ያ ሰውዬ ጉሮሮዬ ላይ ዓይኑን ተክሎ እንዴት ብዬ?»

«በጉንጭ።»

አረጋሽ እንዴት እንደሚደረግ አሳየቻት። ፋጢማ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ነጋዴ ናት፤ የማይጠየቀውን ታውቃለች።

እንዲህ ሆኖ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የዶላሞ ድርሻ በቀን አራት ሆነ። ለመቀመጥ ሲሞክር ልቡ እየሮጠ ያዞረዋል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ኪኒኑን ግን ስትሰጠው እምቢ ብሎ አያውቅም። ይቀበላታል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ ፈገግ ይልላታል። በቀን ውስጥ አረጋሽ ልቧ የሚያርፈው ያቺን ቅጽበት ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ደግሞ የራሷ ወባ ተነሳባት። ለማ ሲመጣ ኩባያው ከጥርሷ ጋር ይንኳኳ ጀመር።

«ምን ሆነሻል?»

«ብርድ ነው።»

«እዚህ አገር? ብርድ?» ለማ ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ካርዱን አየ። «አንድም ቀን ሳታጓድዪ እየዋጥሽ ሊነሳብሽ አይገባም ነበር። ነገሩ አልገባኝም።» ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት። የዚያን ቀን ምሬቱን በጉንጯ ይዛ እየተንቀጠቀጠች መሰላሉን ስትወጣ፣ አንዱን እንኳ ለራሴ ልዋጠው የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። አፈረችበት። ሁለቱንም ሰጠችው።

በስምንተኛው ቀን ሽንቱ ቀለል አለ። አረጋሽ ቅሉን እንደ ያዘች ጓሮ ላይ ቆማ አለቀሰች። አራቱ ሠርቷል! ሁለት ስሰጠው ጠቆረ፣ አራት ስሰጠው ነጣ፤ ሒሳቡ ይኸው፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አይጠፋውም። ደስታዋ ግን አንድ ቀን አደረ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፋጢማ የመጨረሻ ሁለቷን እጇ ላይ አድርጋ፣ «ተገላገልኩ! አሥራ አራቱ ሞላ» አለቻት። ከነገ ጀምሮ ድርሻው ተመልሶ ሁለት ሊሆን ነው፤ ሁለት ደግሞ መጥቆር ነው።

የገበያ ቀን ነበር። አረጋሽ ጎደሬዋን ዘርግታ ትንሽ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ካልተናገረች ይሞትባታል፤ ከተናገረች ይወስዱባታል። የተወሰደ ሰው አንዳንዴ ይመለሳል፤ የሞተ ግን አይመለስም። ጎደሬውን ለጎረቤቷ ትታ እየበረረች ሄደች።

ለማ ጤና ኬላው ውስጥ መርፌ ይቀቅላል። ከግድግዳው ወዲያ ሀብተ ማርያም ሰው ሲቆጣ ድምፁ ይሰማል።

«ሐኪም» አለች አረጋሽ፤ አማርኛዋ ገበያ ያስተማራት ነውና አጭር አጭር ነው። «ኪኒን ጨምርልኝ። ቡናማውን።»

«ለምን?»

«አይበቃም።»

«ለማን ነው የማይበቃው?»

ግድግዳውን አየችው። ድምፏን አወረደች። «ለወንድሜ።»

«አርባ ምንጭ ላለው?»

«ቆጥ ላይ ላለው።»

ለማ ተነስቶ በሩን ዘጋው። አረጋሽ አንዴ አፏ ከተከፈተ በኋላ መመለስ አልቻለችም። «የኔን ነው የምሰጠው። የፋጢማንም። በጉንጭ ይዘን። በቀን አራት ነው። ዛሬ የፋጢማ አለቀ። ሁለት ከሆነ ይሞትብኛል።»

ለማ መጀመሪያ የሰማው መታለሉን ብቻ ነበር። ፊቱ ቀላ። «ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምላስሽን እያነሳሽ…» ካለ በኋላ ድንገት አቆመ። «ይሞትብኛል ያልሽው ለምንድን ነው? ምን ሆኗል?»

«ሽንቱ ጠቆረ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሲቀመጥ ልቡ ይሮጣል።»

ለማ የያዘው መቆንጠጫ ከእጁ ወደቀ። «መቼ? ከኪኒኑ በፊት ነው በኋላ? አስቢና ንገሪኝ።»

በጣቷ ቆጠረች። «በኋላ። በሦስተኛው ቀን።»

«አረጋሽ፣ የሚያሳምመው ኪኒኑ ነው።»

አልገባትም። ወይም ገብቷት መቀበል አቃታት። «ውሸት። እኔንስ ለምን አላመመኝም?»

«አንቺማ መቼ ዋጥሽው!» አለ ለማ። ከዚያ ድምፁን ለዘብ አደረገ። «ስሚኝ። ሰው ደሙ ውስጥ ደሙን የሚጠብቅለት ነገር አለው፤ ኢንዛይም ይባላል። አንዳንዱ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ይሄ ነገር ያንሰዋል። እስኪነካ ድረስ አያስታውቅም፤ ያርሳል፣ ይሮጣል፣ ያገባል። ይህ ቡናማ ኪኒን ሲገባበት ግን ደሙ ይፈርሳል። በሽንት የሚወጣው የፈረሰው ደሙ ነው። ስንማር ነግረውን ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ አጋጥሞኝ አያውቅም። በእናት በኩል ነው የሚወረሰው። ከእናታችሁ ወገን እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?»

አረጋሽ ያንን ጭስ አሰበች። አጎቷ ከመታመሙ በፊት በመኪና የመጡ ሰዎች ለወባ ብለው ኪኒን ሰጥተውት ነበር፤ ሕፃናቱ ሁሉ መኪናውን ለማየት ሲሮጡ እሷም ሮጣለች። መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «በእጄ ነው ያጎረስኩት። ሲብስበት ጨመርኩለት።» ደረቷን መታች። «ገደልኩት!»

«ተነሺ» አለ ለማ። «በቀን አራት ከዋጠ ልናጣው እንችላለን። ሩጪ።»

በገበያ ቀን ጤና ኬላው ተዘግቶ አያውቅም። ለማ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በገበያው መሃል ነጭ ጋውኑን እያውለበለበ፣ አረጋሽ ከፊቱ እየወደቀች እየተነሳች ሲሮጡ ሰዉ ሁሉ ቆሞ አያቸው። ሀብተ ማርያምም ከቢሮው ብቅ ብሎ አያቸው፤ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ተከተላቸው።

ዶላሞ የማያውቀው ራስ በመሰላሉ ጫፍ ሲወጣ ወደ ጆንያው ተሸጎጠ። ለማ እጁን ያዘ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ የመዳፉን ንጣት አየ፣ ሰዓቱን እያየ የልቡን ምት ቆጠረ። ከዚያ ቅሉን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዘነበለና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄማ እየጠራ ነው። በቀን አራት እየዋጠ እንዴት ይጠራል? የመጨረሻውን መቼ ዋጥክ?»

ዶላሞ እህቱን አየ።

«ዛሬ ጠዋት» አለች አረጋሽ። «እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት።»

ዶላሞ እጁን ከጆንያው ሥር ከትቶ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣ። ለመፍታት ጣቶቹ አቅም አጥተው ለማ ፈታለት። ጠርዛቸው የሟሟ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ቡናማ ኪኒኖች። ለማ ቆጠራቸው፤ አሥራ ስድስት።

«ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ አልዋጥኩም» አለ ዶላሞ በአሪኛ፣ ለእህቱ። «በዋጥኩ ቁጥር ሲያፈርሰኝ ይታወቀኝ ነበር። በጉንጬ እይዘውና ስትወርጂ አወጣዋለሁ። አንቺ ለሐኪሙ እንደምታደርጊው። አንቺ ምላስህን አንሳ አትዪም።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን?»

«ስውጥ ፊትሽ ይበራ ነበር። አንቺን ወባ እያንቀጠቀጠሽ ከአፍሽ አውጥተሽ የሰጠሽኝን እንዴት አልፈልግም ልበልሽ?»

አረጋሽ ግንባሯን ከእግሩ ላይ ደፋች። እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ እናቷ የሞተች ቀንም፣ ባሏ የሄደ ቀንም። ለማ አሪኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ኖሮ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

ከዚያ ኪኒኖቹን መልሶ ቋጠረና፣ «ይተርፋል» አለ። «ደሙ እስኪተካ ወር ሁለት ወር ይወስዳል፤ ግን ይተርፋል። አሁን አንድ ነገር አለ፣ አረጋሽ። ይህን ኪኒን ማንም ዳግመኛ እንዳይሰጠው መጻፍ አለብኝ። በስሙ፣ በካርድ። እኔ ነገ ልዛወር እችላለሁ፤ ሌላ እንደኔ ያለ ይመጣና ምላስህን አንሳ እያለ ይገድለዋል። ከጻፍኩት ግን ማን እንደሚያነበው ታውቂያለሽ። አንቺ ወስኚ።»

ከታች የበሩ መቀርቀሪያ ተንቋቋ። «ማነው ቆጡ ላይ?» የሚለው ድምፅ የሀብተ ማርያም ነበር።

አረጋሽ ፊቷን በእጇ ጠረገች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲንቀዠቀዥ የሰነበተ እግሯ አሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። «ወንድሜ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። «ዶላሞ ነው። አርባ ምንጭ አልሄደም። ዋሽቼ ነው።» ወደ ለማ ዞረች። «ጻፈው።»

ለማ ጉልበቱ ላይ አዲስ ካርድ ዘርግቶ በትልልቁ ጻፈው፤ ዶላሞ፣ ቡናማው የወባ ኪኒን ፈጽሞ እንዳይሰጠው። እሱ ሲጽፍ ሀብተ ማርያም፣ «እኔን! እኔን ነው የምታሞኚው?» እያለ መሰላሉን ይወጣ ጀመር። ሦስተኛው እርከን ላይ ራሱ ከቆጡ በላይ ሲሆን ከዶላሞ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ሀብተ ማርያም ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በዚያ ወረርሽኝ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹን ቀብሯል። ቁጣው አፉ ላይ ቀረ። የኮቱን ኮሌታ ወደ አፍንጫው ሳበ።

«ለማ» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኑ…»

«ቢጫ ነው» አለ ለማ፣ ከካርዱ ቀና ሳይል። «ሽንቱም ጠቁሮ ነበር። ጽፌዋለሁ።»

ይጋባል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ አይጋባም ይለው ነበር፤ ለማ የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ሀብተ ማርያም ግን ለመጠየቅ አልቆመም። መሰላሉን እንዴት እንደወረደው እሱም አያውቅ። «ሲሻለው እንመዘግበዋለን!» ሲል የተሰማው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው።

ሲሻለው። አረጋሽ ይህችን ቃል ሰምታታለች። አንድ ቀን ዓይኑ ነጭ ይሆናል፣ ያን ቀን ይመጡበታል። እስከዚያ ግን ሕያው ነው፤ ስሙም የሚያድነው ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

ለማ ካርዱን በሩ ጀርባ ከእሷው ካርድ አጠገብ ሰቀለው። ዘጠኙን ምልክቶች አየና እርሳሱን አውጥቶ አንድ በአንድ ሰረዛቸው። ከሣጥኑ ነጩን ኪኒን አወጣ።

«አንቺም የእናትሽ ልጅ ነሽ። ደምሽ እስኪመረመር ቡናማውን አልሰጥሽም። ይሄ ምንም አያደርግሽም። ዋጪው።»

አረጋሽ ተቀበለችው፣ ውኃውን ጠጣች፣ ዋጠች። ለማ ሣጥኑን አነሳ። ዛሬ አፏን አላየም፤ ምናልባት አፍሮ ይሆናል። እግሩ ከደጃፉ ሳያልፍ ግን ከቆጡ ላይ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ በአማርኛ መጣ። ዘጠኝ ጠዋት ከላይ ሆኖ የሰማው ነውና የለማን አነጋገር አሳምሮ ይዞታል።

«ምላስሽን አንሺ።»

አረጋሽ እንባዋ እየወረደ ወደ ቆጡ አንጋጠጠችና ምላሷን አነሳች።

«ጉንጭሽንም» አለ ዶላሞ።